የጤና ተቆጣጣሪው የምስክር ወረቀትና እድሳቱ



«የተማረ ይግደለኝ» የሚለው የአባቶች አነጋገር ሕዝባችን ለዕውቀት ያለውን ታላቅ አክብሮት የሚያመለክት ነው። ይሁን እንጂ አነጋገሩ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፤ ይኸውም «የተማረው መቼ ነው?» የሚለው ነው። በዛሬው ንግግራችን የምግብ ቤቱን፣ የሉካንዳውን፣ የውሃ ጕድጓዱንና የመጸዳጃ ቤቱን ንጽሕና የሚመረምረው የአካባቢ ጤና ባለሙያ የምስክር ወረቀት እንዴት እንደ ተጀመረ፣ ስለ ምንስ በየጊዜው መታደስ እንዳስፈለገው ከታሪክ እንመለከታለን። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሐኪምን በሽተኛው ራሱ መርጦ ይሄድበታል። የጤና ተቆጣጣሪውን ግን የሚመርጠው የለም፤ ሕግ ይዞ ከደጅ ይቆማል፤ «ይህ ውሃ ይጠጣል፤ ይህ ሥጋ አይሸጥም» ብሎም ይፈርዳል። ሐኪም ቢሳሳት የሚጎዳው በፊቱ ያለው በሽተኛ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው ቢሳሳት የሚጎዳው መንደሩ ሁሉ ነው። ስለዚህ የዕውቀቱ መመዘኛ ምን እንደ ሆነ ሕዝብ ቢጠይቅ አግባብ ነው።

ይህ ሥራ በሕግ ከተደራጀባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። ፋብሪካዎች በተስፋፉ ጊዜ ሕዝቡ ወደ ከተሞች ጎርፎ፣ በጠባብ ቤትና በቆሻሻ መካከል ይኖር ጀመር። ኤድዊን ቻድዊክ የተባለው የመንግሥት ሹም በ1842 ባወጣው ታላቅ ዘገባ የሠራተኛው ዕድሜ በንጽሕና ጕድለት እንደሚያጥር አስረዳ። በ1847 የሊቨርፑል ከተማ አንድ የጤና ሹም፣ አንድ መሐንዲስና አንድ ተቆጣጣሪ ሾመች። በተከታዩ ዓመት የሕዝብ ጤና ሕግ ታወጀ። ነገር ግን ተቆጣጣሪው ምን ማወቅ እንደሚገባው ሕጉ አልደነገገም፤ ብዙዎቹም ያለ ልዩ ትምህርት የተመደቡ ነበሩ።

አለመማር ብቻውን ግን የችግሩ ሁሉ ምንጭ አልነበረም። ቻድዊክን የመሰለው ሊቅ እንኳ፣ በዘመኑ እንደ ነበሩት ብዙ ምሁራን፣ በሽታ የሚመጣው ከመጥፎ ሽታ ነው ብሎ ያምን ነበር። በዚህም እምነት ሽታውን ከየቤቱ ለማራቅ ሲባል የለንደን ቆሻሻ በቦይ እየታጠበ ወደ ቴምዝ ወንዝ እንዲወርድ ተደረገ። ከዚሁ ወንዝ ግን ብዙ ሕዝብ ይጠጣ ነበር። በ1848 እና በ1849 በተነሣው የኮሌራ ወረርሽኝ 14,000 ያህል የለንደን ሰዎች አለቁ። በ1854 በብሮድ ጎዳና ሰፈር ከ600 በላይ ሰዎች በሞቱ ጊዜ ዶክተር ጆን ስኖው ምንጩ የውሃው ቧንቧ መሆኑን ቤት ለቤት መርምሮ አስረዳ፤ የቧንቧውም መዘውር ተነቀለ። እንግዲህ ቻድዊክ ለሕዝብ የሚያስብ ቅን ሰው ነበር፤ የተማረም ነበር፤ ሆኖም ያመነበት ትምህርት ራሱ ስሕተት ነበረበት።

ከዚያ ወዲያ ተቆጣጣሪዎችን በፈተና መለየት ተጀመረ። በ1876 በእንግሊዝ የተቋቋመው ሳኒታሪ ኢንስቲትዩት በማግሥቱ ዓመት ፈተና መስጠት ጀመረ። በ1891 የወጣው የለንደን የሕዝብ ጤና ሕግም ከ1895 መባቻ ጀምሮ አዲስ የሚሾም ተቆጣጣሪ የታወቀ የምስክር ወረቀት እንዲኖረው፣ አለዚያም በሥራው ላይ የቆየ እንዲሆን አዘዘ።

በአገራችን ሙያው በትምህርት ቤት ደረጃ የተደራጀው በጎንደር ነው። በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከጨረሰ በኋላ፣ በ1954፣ ማለትም በ1947 ዓመተ ምሕረት፣ በጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። በዚያም የጤና መኰንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን በአንድነት ሠልጥነው በየጤና ጣቢያው አብረው እንዲሠሩ ተደረገ። ሳኒቴሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፤ መጸዳጃ ያስቈፍራል፤ የወባ ትንኝ የምትራባበትን ረግረግ ያደርቃል።

ይህ ሁሉ መልካም ትምህርት ነበር። ነገር ግን የተፈጥሮ ጠባይ በአንድ ቦታ አይቆምም። በዚያ ዘመን እንደ ታላቅ መድኃኒት ይቈጠር የነበረውን ዲዲቲን ትንኞቹ እየተላመዱት ሄዱ፤ ኢትዮጵያም ለቤት ርጭት በሌላ ኬሚካል ተካችው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ ናት። ይህች ትንኝ በሕንድና በዐረብ አገር የታወቀች ስትሆን፣ በከተማ መካከል በውሃ ማጠራቀሚያ፣ በበርሜልና በገንዳ ትራባለች። በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት መሆኗ በጥናት ታውቋል። ረግረግ ብቻ እንዲያደርቅ የተማረ ባለሙያ ከተማውን «ደኅና ነው» ብሎ ቢያልፍ፣ የተሳሳተው ከስንፍና ሳይሆን ካረጀ ዕውቀት ነው።

የምስክር ወረቀት እድሳት የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። በአሜሪካ በ1937 የተመሠረተው ብሔራዊ የአካባቢ ጤና ማኅበር፣ ፈተናውን አልፎ የተመዘገበ ባለሙያ በየሁለት ዓመቱ የ24 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት መከታተሉን እንዲያስረዳ ይጠይቃል። በኢትዮጵያም ተመራቂው የብቃት ምዘና ይፈተናል፤ የሥራ ፈቃዱም በየጊዜው ሲታደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት መውሰዱ ይታያል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የሚሆን ነገር አለ። እድሳትን ከገንዘብ መክፈልና ከማኅተም መምታት ያልበለጠ ጕዳይ ያደረግነው እንደ ሆነ፣ የምስክር ወረቀቱ ተራ ደረሰኝ ይሆናል። ደግሞም ከሩቅ ወረዳ ያለውን ባለሙያ ትምህርቱ ሳይደርስለት «ፈቃድህን ለምን አላሳደስህም?» ብሎ መገሠጽ ፍርድ ማጓደል ነው። ባለሙያው የመማር ግዴታ አለበት፤ አስተዳደሩም የማስተማር ግዴታ አለበት። ያን ጊዜ «የተማረ ይግደለኝ» ከማለት ይልቅ «መማሩን ያላቋረጠ ያድነኝ» ለማለት እንበቃለን።