ደረበ

«ኮቱን ደረበ»፣ «ጋቢ ደርቦ ወጣ» እንላለን። መደረብ ከለበሱት በላይ ሌላ መጨመር ነው፤ ከስሩ ሌላ ከሌለ ልብስ ይለበሳል እንጂ አይደረብም። መደረቢያ፣ ድርብ፣ ድርብርብ፣ የፎቅ ደርብም የዚሁ ቃል ዘሮች ናቸው። ጋቢ ራሱ አራት ድርብ ነው።

በሐርጌሳው ዋሄን ገበያም ቃሉ ቦታ አለው። የሶማሌ ሴት ጎርጎራድ የተባለ ጉርድ ከውስጥ ትለብሳለች፣ በላዩ ዲራዕ የተባለ ስስ ቀሚስ ታደርጋለች፣ በትከሻዋ ገርበሳር የተባለ ሻርፕ ትደርባለች።

ወንድማማቾቹ ታርን እና ዛክ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት «ድዋርፍ ፎርትረስ» የተሰኘ የኮምፒውተር ጨዋታም መደረብን በቁጥር ይገዛል። ልብስና ጥሩር አራት ድርብ አላቸው፦ የውስጥ፣ የላይ፣ የጥሩር፣ የመጎናጸፊያ። እያንዳንዱ ልብስ ሁለት ቁጥር ይይዛል፤ አንዱ የራሱ ውፍረት ነው፣ ሌላው ከስሩ የሚፈቅደው ውፍረት። የደረት ጥሩር ውፍረቱ 20፣ የሚፈቅደው 50 ነው። የጨዋታው ፋይሎች ተራ ጽሑፍ ስለሆኑ ሞድ (የጨዋታ ማሻሻያ) የሚሠራ ተጫዋች ዲራዕን ጽፎ ሊጨምር ይችላል። ሆኖም ልብሱ በጨዋታው ውስጥ ባለው ሕዝብ ፋይል ካልተመዘገበ የሚሰፋው የለም።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ ወደ አማርኛ ለሚመልስ ምክሬ ይህ ነው፦ «ንብርብር» ለተከመረ ዕቃ ይሁን፤ ለለበሰ ሰው «ድርብ» ይበቃል።