የጽንስ ልብና ዘግይቶ የሚደርሰው ልጓም

እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በቡታጅራ አካባቢ አንድ ትልቅ ሥራ ጀመረ። ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመርጠው ሕዝባቸው ከተቆጠረ በኋላ፣ መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደመጣና ማን እንደሄደ ይጽፉ ጀመር። ልደትና ሞት በመንግሥት መዝገብ በማይሰፍርበት አገር፣ በተወለደ በሦስተኛው ቀን የሞተ ሕፃን ከእናቱና ከጎረቤት ልቦና በቀር የትም አይገኝም ነበር። በቡታጅራ ግን ስሙ ሳይወጣለት የሞተውም ሕፃን በወረቀት ላይ ቦታ አገኘ። ከዚያ መዝገብ ብዙ ጥናቶች ተወልደዋል፤ ከእነዚህም መካከል ዶክተር ሉሉ ሙሄ በ1990ዎቹ በሕፃናት የመተንፈሻ አካላት ሕመም ላይ ያካሄዱት ይገኝበታል።

መዝገብ የሞትን ቀን ይናገራል እንጂ በሰውነት ውስጥ የሆነውን አይናገርም። የሕይወት የመጀመሪያዎቹ ቀናት አደገኛ የሆኑበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። አንድን ሞተር የሚመለከት ባለሙያ ሁለት ነገር ለይቶ ያያል፤ የሚያሽከረክረውን ኃይልና ፍጥነቱን የሚገዛውን ገቨርነር። ልብም እንዲሁ ነው። የሚመታበት ኃይል ከራሱ ሥጋ ይመነጫል፤ ፍጥነቱን የሚገዛው ግን ነርቭ ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን አይደርሱም፤ ሞተሩ ይቀድማል፣ ገቨርነሩ ይከተላል።

ይህ የታወቀው በመጀመሪያ በዶሮ እንቁላል ነው። አሪስቶትል ሦስት ቀን የታቀፈ እንቁላል ውስጥ የምትዘል የደም ነጥብ መኖሯን ጽፎ ነበር፤ ሐርቪም ስለ ደም ዝውውር በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ ይህችኑ ነጥብ ለማስረጃ ተጠቅሞባታል። በ19ኛው መቶ ዓመት በማይክሮስኮፕ ሲመረመር፣ ያቺ ነጥብ መምታት የምትጀምረው አንድም ነርቭ ሳይደርስባት መሆኑ ታየ። በሌላ በኩል ኤርንስትና ኤድዋርድ ዌበር የተባሉ ጀርመናውያን ወንድማማቾች በ1845 ቬገስ የሚባለውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲነኩት ልብ ዝግ እንደሚል፣ አልፎም እንደሚቆም አሳዩ። እስከዚያ ድረስ ነርቭ የሚያነሣሣ እንጂ የሚገታ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ስለዚህም ነገሩ ብዙዎችን አስደነቀ። ኦቶ ሎዊ ደግሞ በ1921 የአንዱ እንቁራሪት ልብ ቬገሱ ተነክቶ ዝግ ሲል፣ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወስዶ በሌላው ልብ ላይ ቢያፈስ ያም ልብ ዝግ አለ። ልጓሙ የሚሠራው በኬሚካል መሆኑ በዚህ ታወቀ።

የሰው ጽንስ ልብ ከፅንሰቱ በሦስት ሳምንት ግድም መምታት ይጀምራል። ሐኪሞች እንደሚያደርጉት ከመጨረሻው የወር አበባ ቢቆጠር፣ በስድስተኛው ሳምንት በደቂቃ 110 ያህል ጊዜ ይመታል፤ በዘጠነኛው 170 ይደርሳል። ይህ መፍጠን የልብ የራሱ እድገት ነው፤ ነርቭ ገና አላዘዘውም። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ በመውለጃው ወራት ከ110 እስከ 160 ባለው መካከል ይረጋል። ለዚህ መቀነስ አንዱ ምክንያት የቬገስ ልጓም እየጠበቀ መሄዱ ነው። ቬገስን የሚያግደው አትሮፒን የተባለ መድኃኒት የጽንሱን ልብ የሚያፈጥንበት መጠን እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ መጨመሩ ይህንን ያስረዳል። የሚያበረታው ሲምፓቴቲክ ነርቭም በበኩሉ ያድጋል። ሁለቱ ሲፎካከሩ ትርታው እንደ ሰዓት ቁጭ ቁጭ የሚል አይሆንም፤ በየምቱ መካከል ያለው ጊዜ በጥቂቱ ይጠብባል፣ በጥቂቱ ይሰፋል። አለማወቅ ይህን እንከን ያስመስለዋል፤ ነገር ግን የጤና ምልክት ነው። ፈጽሞ ወጥ የሆነ ትርታ ጽንሱ ተኝቶ ካልሆነ በቀር ሊያሠጋ ይገባል።

ይህን ትርታ ማዳመጥ የተጀመረው ዘግይቶ ነው። በ1818 ማዮር የተባለ የጄኔቫ ሐኪም ጆሮውን በነፍሰ ጡር ሆድ ላይ አድርጎ የጽንሱን ልብ ሰማ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ኬርጋራዴክ የተባለው ፈረንሳዊ በላኤኔክ ማዳመጫ ሰማው። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ፒናር የሠራው ቀንድ መሰል ማዳመጫ፣ በእኛ ጤና ጣቢያዎች ፌቶስኮፕ እየተባለ የሚጠራው፣ ወልቂጤም ቡታጅራም ያለች አዋላጅ ነርስ የምታውቀው ዕቃ ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ መለዋወጫም የለውም። በ1958 ኤድዋርድ ሖን በአሜሪካ የጽንስን ትርታ ያለማቋረጥ በወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ አስተዋወቀ። ቆየት ብሎም ጽንስ ሲጨነቅ ከፍጥነቱ መለወጥ በፊት ያ ጥቃቅን ልዩነት ሊጠፋ እንደሚችል ታየ። ጆሮ ፍጥነትን ይቆጥራል፤ የምትን ቅንጣት ልዩነት ግን አይለይም። እንግዲህ መሣሪያው ጆሮን ድል ያደረገ መስሎ ነበር።

ሆኖም በደብሊን ከተማ 13,000 ያህል ወላዶችን ያካተተ፣ በ1985 የታተመ ጥናት ሌላ ነገር ተናገረ። በመሣሪያው በተከታተሏቸውና በየጊዜው በጆሮ ባዳመጧቸው ወላዶች መካከል በሕፃናት ሞት ረገድ ልዩነት አልተገኘም፤ በመሣሪያው ወገን ያነሰው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የሚታየው መንዘፍዘፍ ነው። ታዲያ በደብሊን ለእያንዳንዷ ወላድ የራሷ አዋላጅ ከጎኗ አለች። ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በምጥ ጊዜ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ሲቃረብም በየአምስት ደቂቃው ማዳመጥ ለአንዲት አዋላጅ አንዲት ወላድ ስትሆን ይቻላል፤ አራት ወላዶች በአንድ ሌሊት ሲመጡ ግን ፌቶስኮፑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያድራል። ለአንድ ሆስፒታል መሣሪያ እንዲገዛ የሚጠየቅ መሐንዲስ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የአዋላጆቹን ቁጥር ነው።

ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ነገር ከዚህ ይከብዳል። እርሱ ልጓሙ ሳይጠናቀቅ ከማኅፀን የወጣ ነው። ትንፋሹን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ገና ስላልበሰለ ለ20 ሴኮንድና ከዚያ በላይ መተንፈስ ያቆማል፤ በዚህ ጊዜ ቬገስ ከመጠን በላይ ይጎትትና ልቡ ይዘገያል። በ28ኛው ሳምንት ግድምና ከዚያ በፊት የተወለዱት ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ ይደርስባቸዋል፤ ብዙዎቹ ዘጠነኛ ወራቸውን ሊሞሉ ሲቃረቡ ይተዋቸዋል። ከ1970ዎቹ ወዲህ ለዚህ የሚሰጠው መድኃኒት ካፌይን ነው። ይህ በቡና ፍሬ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር መሆኑ ቡና ባበቀለ አገር ሊነገር ይገባዋል፤ ሐኪም በሚሊግራም ለክቶ የሚሰጠው እንጂ ከጀበና የሚቀዳ አለመሆኑም አብሮ ይነገር።

በአዲስ አበባ ደግሞ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ያካሄዱት፣ በ2005 የታተመው ጥናት፣ ዝቅተኛ ክብደት ያላቸውን ሕፃናት ወዲያው በእናት ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አጣብቆ ማቆየት ከተለመደው እንክብካቤ ይልቅ ብዙዎችን እንደሚያተርፍ አሳየ። ዘዴው በ1978 የማሞቂያ ሣጥን ባጠራት በኮሎምቢያ ከተማ በቦጎታ የተጀመረ ነው። የእናት ሙቀት የሕፃኑን ገላ ያሞቃል፤ ትንፋሹና የልቡ ምትም ይረጋጋሉ።

ቀደም ሲል በቡታጅራ ልጆች ላይ ያጠኑት ዶክተር ሉሉ ሙሄ፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በምን እንደሚሞቱ የመረመረውንና በ2019 የታተመውን ሰፊ ጥናት መርተዋል። ጥናቱ የተካሄደው በጎንደር፣ በጅማና በአዲስ አበባ ባሉ አምስት ሆስፒታሎች ነው። ከቡታጅራ እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከወልቂጤም 155 ያህል ነው። በዚያ መንገድ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ወደ ከፍተኛ ሕክምና ሲላክ፣ የሚጓዝበት አስተማማኝ ማሞቂያ እናቱ ነጠላዋን ደርባ የምትይዝበት ደረቷ ነው።