የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክበባት በወላይታ ሶዶና በወላይታ ዞን፦ ሳምንታዊ ስብሰባና የመስክ ተግባራት

ምንነት

የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ክበብ አባላቱ ያለ ክፍያና በራሳቸው ፈቃድ ተሰባስበው ጊዜያቸውን፣ ጉልበታቸውንና ዕውቀታቸውን ለአካባቢያቸው ኅብረተሰብ የሚያውሉበት አደረጃጀት ነው። ክበብ ከአንድ ጊዜ ዘመቻ የሚለየው ቋሚ አባላት፣ የታወቀ የስብሰባ ቀንና በጽሑፍ የሚያዝ ዕቅድ ስላለው ነው። ዘመቻ በዕለቱ ይጠናቀቃል፤ ክበብ ግን የሠራውን ሥራ ውጤት ተመልሶ የማየት ኃላፊነት አለበት።

ታሪካዊ መሠረት

በሀገራችን መረዳዳት ነባር ነው። ደቦ የአርሶ አደሩን የእርሻና የቤት ሥራ በጋራ ጉልበት ሲያቃልል፣ ዕድር በሐዘንና በችግር ጊዜ አባላቱን ይደግፋል። በዘመናዊ አደረጃጀት ረገድ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም የተመሠረተ ሲሆን፣ በጎ ፈቃደኝነት ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ንቅናቄ ሰባት መሠረታዊ መርሆዎች አንዱ ነው።

በየሳምንቱ የመሰብሰብ ልማድ በስፋት የሚታወቀው ከአገልግሎት ክለቦች ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ የተመሠረተው ሮታሪ ስያሜውን ያገኘው የመጀመሪያዎቹ አባላት ስብሰባቸውን በየአባሉ የሥራ ቦታ ተራ በተራ ያካሂዱ ስለነበር ነው። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባደረገው የደንብ ማሻሻያ ክለቦቹ በወር ቢያንስ ሁለት ጊዜ መሰብሰብ እንዲችሉ ፈቅዷል። በመሆኑም የስብሰባ ድግግሞሽ እንደ አባላቱ ሁኔታ ሊወሰን ይችላል፤ ዋናው ቁም ነገር ቀኑና ሰዓቱ የማይዋዥቅ መሆኑ ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የምትገኝ፣ የወላይታ ዞን መቀመጫና የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ናት። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ነበር። ዞኑ በሀገሪቱ ከፍተኛ የሕዝብ ጥግግት ካለባቸው አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ የእርሻ ይዞታዎች አነስተኛ ናቸው፤ ተዳፋት መሬትም ይታረሳል። በዚህም ምክንያት የአፈር መሸርሸር፣ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት በክረምት ወራት ትኩረት የሚሹ ጉዳዮች ናቸው። በሌላ በኩል፣ በ1999 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና በዞኑ የሚገኙ ትምህርት ቤቶች ለክበባት ሰፊ የወጣት ኃይል ያበረክታሉ።

ሳምንታዊ ስብሰባ

የተለመደው ሳምንታዊ ስብሰባ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ሰብሳቢው ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን ካረጋገጠ በኋላ ጸሐፊው ያለፈውን ሳምንት ቃለ ጉባኤ ያነባል። በመቀጠል በመስክ የተሠራው ሥራ ሪፖርት ይቀርባል፤ ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪን ያሳውቃል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ተግባርም በስም ለአባላት ይከፋፈላል። ተግባሩ ለ«ሁሉም» ከተሰጠ ማንም ሳይፈጽመው ሊቀር ስለሚችል፣ በቃለ ጉባኤው ላይ የፈጻሚው ስምና የማጠናቀቂያው ቀን መስፈር አለባቸው።

የአባላት መዋጮም ሆነ ከውጭ የተገኘ ድጋፍ በደረሰኝ ገቢ ሊደረግ ይገባል። ወጪ በሁለት ሰዎች ፊርማ እንዲፈጸምና ሂሳቡ በየጊዜው ገንዘብ ያዥ ባልሆነ አባል እንዲመረመር ማድረግ ክበቡን ከሐሜትና ከመፍረስ ይጠብቃል።

ዋና ዋና ተግባራት

ደም ልገሳ፦ ሙሉ ደም በማቀዝቀዣ ሊቆይ የሚችለው ለ35 ቀናት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚካሄድ ትልቅ የልገሳ ቀን የእናቶችንና የአደጋ ተጎጂዎችን ፍላጎት አያሟላም። በሀገራችን ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደቱ ቢያንስ 45 ኪሎ ግራም የሆነና ጤናማ የሆነ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል። ክበቡ አባላቱን በሦስት ምድብ ከፍሎ በየወሩ አንዱ ምድብ ወደ ደም ባንክ እንዲሄድ ቢያደርግ ልገሳው ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ችግኝ ተከላና የደን እንክብካቤ፦ በዞኑ ሁምቦ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ የተከናወነው ሥራ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተከልሎ በአብዛኛው ያገገመው አዲስ ችግኝ በመትከል ሳይሆን፣ ከአፈር በታች በሕይወት የቆዩ ጉቶዎችና ሥሮች የሚያወጡትን ቀንበጥ በመግረዝና ከልቅ ግጦሽ በመጠበቅ ነው። ስለዚህ ክበባት ከተከሉት ችግኝ ብዛት ይልቅ ከዓመት በኋላ የጸደቀውን ቁጥር ቆጥረው ቢመዘግቡ ውጤታቸውን በትክክል ያውቃሉ።

የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት፦ ይህ ተግባር ተማሪዎች ወደየቤታቸው በሚመለሱበት ክረምት በስፋት ይከናወናል። የሚታደሰው ቤት በቀበሌው አማካይነት ይለያል፤ ባለቤቱም ስለ ሥራው አስቀድሞ መፍቀድ አለበት። ክቡር የሆነውን ሰው ችግሩን በፎቶግራፍ ማሳየት ያለ ፈቃዱ አይፈጸምም።

የትምህርት ድጋፍ፦ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለታናናሾቻቸው የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። ሕፃናት ባሉበት ተግባር ሁሉ ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች በአንድነት መገኘት ይኖርባቸዋል።

የበጎ ፈቃደኞች ደህንነት

ሐምሌ 14 እና 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ በደረሰ የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ተሯሩጠው የመጡና ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ወገኖች ነበሩ። በዚያው ክረምት በወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳም በመሬት መንሸራተት የሰው ሕይወት ጠፍቷል።

በኬንቾ የወደቁት ወገኖች የሄዱት ጎረቤት ለጎረቤት ባለው ግዴታ ነው፤ ይህ ግዴታ ወደፊትም የሚቀር አይደለም። በመሆኑም ክበባት ከክረምት መግቢያ በፊት በሳምንታዊ ስብሰባቸው የሚከተሉትን ሊወስኑ ይገባል።

• ናዳ በደረሰበት ስፍራ ከላይ ያለውን ተዳፋት ብቻ የሚከታተልና ምልክት ሲያይ ድምፅ የሚያሰማ ጠባቂ አስቀድሞ ይመደባል።
• በአደጋው ቦታ የሚቆፍሩት ጥቂት ሆነው በየተራ ይተካካሉ፤ ሌሎች በአስተማማኝ ርቀት ይቆያሉ።
• ወደ ቦታው የገባና የወጣ ሰው ስም ይመዘገባል።
• በመሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ የዘመመ ዛፍ፣ ያልነበረ ምንጭ ወይም በድንገት የደፈረሰ ውኃ ከታየ ሁሉም ወዲያውኑ ይርቃሉ፤ ነዋሪዎችም እንዲወጡ ይደረጋል።

የሕግ ማዕቀፍና ምዝገባ

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የበጎ አድራጎትና የበጎ ፈቃደኝነት ባህል እንዲጎለብት ምቹ ሁኔታ መፍጠርን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ ደንግጓል። በአንድ ክልል ብቻ የሚንቀሳቀሱ ማኅበራት በክልሉ ሕግ መሠረት ይመዘገባሉ። በትምህርት ቤት ወይም በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚቋቋሙ ክበባት በተቋሙ ደንብ ይመራሉ።

ክበብ ለማቋቋም የሚፈልጉ ነዋሪዎች በቅድሚያ የአባላትን ዝርዝር፣ የመተዳደሪያ ደንብና የሦስት ወር ዕቅድ አዘጋጅተው በሚኖሩበት ቀበሌ በኩል ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላሉ። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ አባላት የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል። በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ገደማ የሚከበረው ዓለም አቀፍ የበጎ ፈቃደኞች ቀን ክበባት የዓመቱን ሥራቸውን ለአካባቢያቸው ሕዝብ ሪፖርት የሚያደርጉበት አመቺ ጊዜ ነው።