ድኅረ ቺኩንጉኒያ ቁርጥማት

ድኅረ ቺኩንጉኒያ ቁርጥማት በቺኩንጉኒያ ቫይረስ የመጣው ትኩሳት ከለቀቀ በኋላ መገጣጠሚያ ላይ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት የሚቆይ ሕመም ነው። ከሦስት ወር ያለፈውን ሐኪሞች ሥር የሰደደ ይሉታል። ቺኩንጉኒያ የሚለው ስም የተገኘው ከማኮንዴ ቋንቋ ሲሆን በሕመም መጉበጥን ያመለክታል። በሽታው መጀመሪያ የታወቀው በ1952 እ.ኤ.አ. በታንጋኒካ፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ ደቡብ፣ በተነሣ ወረርሽኝ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ቫይረሱ በ2016 እ.ኤ.አ. በሶማሌ ክልል ዶሎ አዶ ታየ። ትልቁ ወረርሽኝ ግን በ2019 እ.ኤ.አ. ክረምት ድሬዳዋ ላይ የተነሣው ነው፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ40,000 በላይ ሰው ታመመ። አስተላላፊዋ ኤደስ ኢጂፕታይ የተባለችው ትንኝ ናት። የቧንቧ ውኃ በማይበቃበት ከተማ ሰው ውኃ ማጠራቀሙ ግድ ነው፤ ክዳን የሌለው በርሜል፣ ጓሮ የተጣለ ጎማና ዝናብ ያቆረ ጣሳ መራቢያዋ ናቸው። የምትናከሰው ቀን ስለሆነ የሌሊቱ አጎበር ብቻውን አይበቃም።

ሕመሙ ግን ደጋም ይደርሳል፤ ለምሳሌ በሰሜን ሸዋ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ ከተማ የሆነችው ደነባ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ደጋ ናት። ትንኟ በዚህ ብርድ ተራብታ ወረርሽኝ ታስነሣለች ተብሎ አይጠበቅም። ሰው ግን ለሥራና ለንግድ ቆላ ይወርዳል፤ ትኩሳቱ እዚያ ይለቀዋል፣ ቁርጥማቱን ይዞ አገሩ ይገባል። በደጋ ደግሞ የቁርጥማት ስሙ ብዙ ነው፦ ብርድ ነው፣ ሪህ ነው፣ ምች ነው ይባላል። የደነባ ጠዋት ጣት የሚያደርቅ በመሆኑ «ብርድ ነው» የሚለውን የሚጠራጠር የለም። ስለዚህ «ባለፉት ወራት የት ከርመህ ነው የመጣኸው? ትኩሳትስ ነበረህ?» የሚለው ጥያቄ ደጋ ላይ ላለ ጤና ጣቢያ ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ሊሆን ይገባዋል።

ሕመሙ የሚበረታው ጠዋት ነው። በሽተኛው ከአልጋ ሲወርድ ቁርጭምጭሚቱ አልረግጥም ይለዋል፤ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። የእጅ አንጓና የጣት መገጣጠሚያዎች ያብጣሉ። ልብስ አጥቦ መጭመቅ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ የሞላ ጀበና ማንሣት፣ እርፍ ጨብጦ ማረስ ጭንቅ ይሆናል። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ይፍታታል፤ ሁለት ሳምንት ተሽሎትም ተመልሶ ሊነሣ ይችላል። ከቁርጥማቱ ጋር ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና የመንፈስ መጨነቅ ይመጣሉ፤ ፀጉር የሚረግፍበትም አለ። ከውጭ የሚታይ ቁስል ስለሌለው «ለግሞ ነው» የሚል ቤተሰብና ጎረቤት አይጠፋም። ይህ ሐሜት በሽተኛውን ከሕመሙ እኩል ይጎዳዋል፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው።

ይበልጥ የሚቆይባቸው ከ45 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ቀድሞም የመገጣጠሚያ ችግር የነበረባቸውና መጀመሪያ ላይ ክፉኛ የታመሙ ሰዎች ናቸው። በ2005 እና 2006 እ.ኤ.አ. ከሕዝቧ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በታመመባት የሬዩኒየን ደሴት፣ ከ15 ወር በኋላ ከተጠየቁት ሕሙማን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገና አልለቀቃቸውም ነበር። ቫይረሱ ከደም የሚጠፋው በአንድ ሳምንት ገደማ ነው፤ መገጣጠሚያ ውስጥ የሰውነት መከላከያ የጀመረው ብግነት ግን ቶሎ አይበርድም።

በመጀመሪያው ሳምንት ቫይረሱን በፒሲአር ምርመራ ማግኘት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ደም ውስጥ ያለው ፀረ እንግዳ አካል ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ፣ ፓርቮ ቫይረስና ኩፍኝ መሰል ትኩሳት የሚያመጣው ሩቤላም ቁርጥማት ስለሚያስከትሉ መለየት አለባቸው። ጓያ የሚያመጣው የእግር ሽባነት ሌላ ነው፤ እግርን ያደርቃል እንጂ መገጣጠሚያ አያሳብጥም፣ ትኩሳትም አይቀድመውም።

ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። በትኩሳቱ ቀናት የሚሰጠው ፓራሲታሞል፣ ፈሳሽና ዕረፍት ነው። ብዙ ሰው ሕመም ሲጠናበት የሚጠይቀው የዲክሎፌናክ መርፌ፣ እንዲሁም አስፕሪን፣ ደንጊ የተባለው ትኩሳት አለመሆኑ ሳይረጋገጥ መሰጠት የለባቸውም፤ ደንጊም ድሬዳዋን ያጠቃ በሽታ ነው፣ እነዚህ መድኃኒቶች ደግሞ መድማትን ያባብሳሉ። ቁርጥማቱ ከቆየ ብግነት አብራጅ መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳል፤ እብጠቱ አልጎድል ላለው ሜቶትሬክሴት የሚታዘዝበት ጊዜ አለ። ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ ገዝቶ ፕሬድኒሶሎን መዋጥ ግን አደገኛ ነው፤ ለጥቂት ቀን ያሽላል፣ ሲቋረጥ ሕመሙ ይመለሳል፣ ሲደጋገም ስኳርና ግፊት ያመጣል።

ሙቀት ይረዳል። ፍልውሃ መግባት ቫይረሱን ባያጠፋም የደረቀውን መገጣጠሚያ ያላላል፤ ፍልውሃ ለሚርቀው ጠዋት ጠዋት እጅን ለብ ባለ ውኃ ነክሮ ጣቶችን ቀስ እያሉ ማጠፍና መዘርጋት ይቻላል። ጨርሶ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት ጡንቻን ያደክማል። ብዙ ሰው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይድናል፤ አንዴ የታመመ ሰውም በዚሁ ቫይረስ ዳግመኛ የመያዝ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው።