ትሩሶ ሲንድረም

ትሩሶ ሲንድረም ካንሰር ሳይታወቅ ወይም ገና በታወቀበት ሰሞን በደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ደም የሚረጋበት ሁኔታ ነው። ጠበብ ባለው ፍቺው፣ ከቆዳ ሥር ባሉ ሥሮች ላይ ቦታ እየቀያየረ፣ አንዴ ክንድ አንዴ ደረት ላይ የሚወጣውን መርጋት ብቻ ያመለክታል። ብዙ ሐኪሞች ግን ከካንሰር ጋር ለተያያዘ የደም መርጋት ሁሉ ይጠቀሙበታል። በካልሲየም ማነስ ከሚመጣው የእጅ መኮማተር፣ ከ«ትሩሶ ምልክት»፣ ጋር አይገናኝም። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አመጣጥ

ስያሜው የፓሪሱ ኦቴል ዲዩ ሆስፒታል ሐኪምና መምህር የአርማን ትሩሶ (1801–1867) ነው። ትሩሶ በ1860ዎቹ ባሳተመው ትምህርቱ፣ የጨጓራ ሕመሙ ቁስለት ይሁን ካንሰር ለመለየት የተቸገረ ሐኪም የታማሚው እግር ወይም ክንድ በረጋ ደም ካበጠ ጥርጣሬውን ሊተው እንደሚችል አስተምሯል። ቀዳሚነቱ ግን ያከራክራል፤ ዣን ባፕቲስት ቡዮ በ1823 ባወጣው ጽሑፍ የእግር እብጠትን ከተዘጉ ደም መላሽ ሥሮች ጋር ሲያያይዝ የካንሰር ታማሚዎችንም እንደጠቀሰ ይነገራል። ቡዮ ሁለቱን ችግሮች አብረው አይቷቸዋል ቢባል እንኳ፣ መርጋቱን ለተደበቀ ካንሰር መመርመሪያ ያደረገው ትሩሶ ይመስላል።

ስሙ የጸናው በአሟሟቱም ጭምር ሳይሆን አይቀርም። በ1867 መጀመሪያ ደም በራሱ ሥር ውስጥ ሲረጋ ምን እንደያዘው ወዲያው ገባው፤ እንደማይድንም ለደቀ መዝሙሩ ለሚሼል ፔቴር ነገረው ይባላል። በዚያው ዓመት ሰኔ ሞተ። መርጋቱ ክንዱ ላይ ነበር የሚሉ አሉ፣ እግሩ ላይ የሚሉም አሉ። ካንሰሩን አብዛኞቹ የጨጓራ፣ ጥቂቶች የቆሽት ያደርጉታል።

መንስኤ

የካንሰር ሕዋሳት ደም እንዲረጋ የሚያነሣሡ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ። የቆሽት፣ የጨጓራ፣ የሳንባና የአንጎል ካንሰሮች በዚህ ይታወቃሉ።

ምርመራ

ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ያለ እርግዝና ወይም ያለ ረጅም መተኛት ደም የረጋበት ሰው ካንሰር ሊኖረው ይችላል፤ አብዛኞቹ ግን የለባቸውም። በ2015 የታተመ የካናዳ ጥናት እንዲህ ያሉ 854 ታማሚዎችን ሲከታተል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ካንሰር የተገኘባቸው 33 ብቻ ነበሩ። በተለመደው ምርመራ ላይ የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን መጨመሩም ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላሳየም። ስለዚህ በጥንቃቄ የተጠየቀ የሕመም ታሪክ፣ የአካል ምርመራ፣ መሠረታዊ የደም ምርመራ፣ የደረት ራጅና ለዕድሜው የሚመከሩት የካንሰር ምርመራዎች ብዙ ጊዜ ይበቃሉ። ክብደቱ ያለ ምክንያት የቀነሰ ሰው ሲሆን ግን ሐኪሙ ጠለቅ ብሎ ይፈትሻል።

ሕክምና

ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይሰጣል፤ ካንሰሩም ይታከማል።