በርኖስና ፖንቾ፦ ስለ ሱፍ ልብስ ስያሜ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን የሚከቡ የደጋ ከተሞች ናቸው፤ በተለይም ከእንጦጦ ጀርባ ያለችው ሱሉልታ በብርዷ ትታወቃለች። የእንዲህ ያለው አገር ነባር መከታ ጥቁሩ የሱፍ በርኖስ ነው። ስሙ የዐረብኛው «ቡርኑስ» ሲሆን፣ ሥሩ በግሪክ በኩል ከላቲን ይመዘዛል።

ስለ ሹራብ ሥራ የተጻፈውን የሚተረጕም ሰው ፖንቾን «በርኖስ» ሊለው ይቃጣል። ይህ ስሕተት ነው። በርኖስ ሽመና ነው፤ ድርና ማግ አለው፤ ፊቱም ክፍት ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ፖንቾ ግን በመካከሉ የአንገት ማስገቢያ ያለው ልብስ ነው፤ በሹራብ ሥራ ሲዘጋጅም ድርና ማግ ሳይኖረው አንዱ ክር በቀለበት በቀለበት ይያያዛል።

በዐረብኛ የእግር ልብስ የነበረው ቃል በአማርኛ «ሹራብ» ተብሎ የገላ ልብስ ሆኗል፤ ካልሲ ከጣሊያንኛ፣ ዳንቴልና ኪሮሽ ከፈረንሳይኛ ገብተዋል። ስሞቹ ሲገቡ ግሡ አብሮ አልገባም፤ ስለዚህ «ሹራብ ሠራ» እንላለን። «ሸመነ» ብንል ሁለቱን ሙያ እናፋልሳለን።

ለተጠላለፈው ገመድ መሰል ጌጥ ግን ባዕድ ቃል አያሻም፤ ጠጕርም ገመድም የሚጐነጐንበት «ጐነጐነ» አለን። እንግዲህ «ባለጕንጕን የሱፍ ፖንቾ» እንበል፤ በርኖስንም ለባለቤቱ እንተው።