ዳሪሙ ድንጋይ ውስጥ የሌለው ዓሣ

በ2022 (እ.ኤ.አ.) ማኅበራዊ ሚዲያውን የሞላውን ዓሣ ታስታውሱታላችሁ? ዓይኖቹ እንደ መኪና መብራት ፊት ለፊት የተተከሉ፣ አፉ ተከፍቶ የቀረ፣ ክው ብሎ የደነገጠ የሚመስለው። ሄልሲንኪ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የተቀመጠ ሞዴል ነው። እኛም ስቀንበታል። እንስሳው ግን የምር የኖረ ነው፤ ስሙ ሳካባምባስፒስ ይባላል። ስሙን ያገኘው ቅሪተ አካሉ ከተገኘባት ሳካባምባ ከምትባል የቦሊቪያ መንደር ነው።

አፉ የማይገጥመው መንጋጋ ስለሌለው ነው። ከ450 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ሲኖር ነክሶ መብላት የሚችል ዓሣ ገና ብርቅ ነበር። ርዝመቱ ከስንዝር ይበልጣል፣ ከክንድ ያንሳል። ጭንቅላቱ በአጥንት ጋሻ ተሸፍኗል፣ የጎን ክንፍ ግን የለውም። ስለዚህ ጅራቱን እያወዛወዘ ጥልቀት በሌለው ባሕር ወለል አካባቢ ይዋኝ ነበር፤ ምግቡም ከውሃው ጋር ወደ አፉ የሚገባው ደቃቅ ነገር እንደነበር ይገመታል። የሚገርመው አጥንቱ ከውጭ መሆኑ ነው። ውስጡ እንደኛ ጠንካራ አጽም አልነበረውም።

ኋላ መንጋጋ ያላቸው ዓሣዎች መጡና ባሕሩን ወረሱት። ከ360 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ጋሻ ለባሾቹ የሉም። ዛሬ ከመንጋጋ አልባዎቹ የቀሩት ላምፕሬይና ሃግፊሽ የሚባሉት፣ እባብ የሚመስሉት ብቻ ናቸው። ባሮ ውስጥ ያለው አምባዛ ወለል ለወለል ስለሚኖር ዘመዳቸው ሊመስል ይችላል፤ ግን ጣታችሁን አፉ ውስጥ ብትከቱ መንጋጋ እንዳለው ወዲያው ይነግራችኋል።

እሺ፣ ዳሪሙ ላይ ቢቆፈር እንዲህ ያለ ዓሣ ይገኛል? አይገኝም። የኢሉባቦር ድንጋይ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። ከሥር ያለው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሲሆን፣ መሬት ውስጥ በሙቀትና በግፊት ተጋግሮ የተለወጠ ነው። ከላይ ያለው ጥቁሩ ባዛልት ደግሞ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ነው፤ ዕድሜው ጥቂት አስር ሚሊዮን ዓመት ብቻ። የመጀመሪያው ለዓሣዎቹ በጣም ቀደመ፣ ሁለተኛው በጣም ዘገየ። የእነሱ ዘመን ከመሃል እንደተቀደደ የደብተር ገጽ ነው።

ያ ገጽ አገራችን ውስጥ በከፊል ያለው ትግራይ ነው። በእንጢጮ ስም የተሰየመው አሸዋ ድንጋይ የታችኛው ክፍል የዚያው ዘመን ነው። ትል መሰል እንስሳት የባሕሩን አሸዋ ሲቆፍሩ የተዉት ዱካ እዚያ ተገኝቷል። በዘመኑ መጨረሻ አካባቢው የበረዶ ግግር ነበረበት፤ አገራችን ያኔ ወደ ደቡብ ዋልታ ተጠግታ ነበርና።

ዓሣው ራሱስ? ኦማን ውስጥ የሳካባምባስፒስ ዓይነት ቅሪት ተገኝቶ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ሆኗል። ኦማን ሩቅ አይምሰላችሁ፤ ያኔ ቀይ ባሕር የሚባል ነገር የለም፣ ዓረቢያና አፍሪካ አንድ መሬት ነበሩ። በአህጉራችን ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የ360 ሚሊዮን ዓመት ላምፕሬይ ተገኝቷል፤ ከጣት ያነሰች ናት።

ስለዚህ "ዳሪሙ ላይ የ400 ሚሊዮን ዓመት ዓሣ ተገኘ" የሚል ፖስት ካያችሁ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ድንጋዩ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። ባዛልት ከሆነ ነገሩ እዚያው አለቀ።

ይህ ማለት ግን በኛ አካባቢ ቅሪተ አካል የለም ማለት አይደለም። ያዩ ላይ የድንጋይ ከሰሉ በባዛልቶቹ መሃል የተኛ ነው፤ ከሰል ደግሞ የጥንት ዕፅዋት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የቅጠል ቅርጽ ያለበት ድንጋይ ካጋጠማችሁ አትስበሩት፣ አታንሱትም። ባለበት ፎቶ አንሱት፣ ለመጠን እስክሪብቶ አጠገቡ አድርጉ፣ ቦታውን በስልካችሁ መዝግቡና ለወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ከቦታው የተነሳ ድንጋይ ዕድሜውን የሚናገርለትን ንብርብር ትቶ ነው የሚመጣው።